የኡሙልኸይርን ጉበት ተራራ ላደረጉት የኬላ አዛዥ

ሮቢት፣ ሰኔ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የኬላው ጥበቃ አዛዥ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብሁ ለመላ አካላትዎ፣ በተለይም ለጉበትዎ፣ ጤንነትን እመኛለሁ። ግንቦት 12 ቀን በጎረቤቴ በኡሙልኸይር ታሂር ላይ ስለፈጸማችሁት ሥራ በግል ማመስገን ስለማይበቃ፣ የቆቦም የጎብዬም ገበያተኛ እንዲያነበው ይህን በግልጽ ጽፌአለሁ።

ኡሙልኸይር ጉበቷ ላይ የካንሰር ዕጢ ወጥቶባት አዲስ አበባ ታክማ ለመዳን ተስፋ አግኝታ ነበር። ሐኪሙ፣ ሆዷን መቅደድ ሳያስፈልግ፣ የሰውነትን ውስጥ በድምፅ ሞገድ በሚያሳይ መሣሪያ እየተመራ፣ ቀጭን መርፌ በቆዳዋ አሳልፎ ዕጢውን ብቻ በአልኮል ወግቶ እንደሚያደርቀው ነገራት። የጉበቷንም ምስል በጥቁር ፊልም አንሥቶ፣ መርፌው የሚገባበትን ቦታ በቀይ ቀስት አመልክቶ፣ ግንቦት 15 ቀን ይዛው እንድትመጣ አዘዛት። እርሱ ራሱ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ ግንቦት 20 ቀን ወደ አገሩ ተመላሽ ነበር። እኔም የይለፍ ወረቀታችንን ይዤ በአውቶቡስ አብሬያት ስጓዝ ኬላዎ ደረስን። ምስጋናዬ ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥተው የተመለከቱት ጓድ፣ ነጣ ያለው የጠላት ምሽግ፣ ቀዩም ቀስት የማጥቂያ አቅጣጫ መሆኑን ባንድ አፍታ ደርሰውበታል። ጉበት ነው ብዬ ባስረዳ፣ «ጉበት የሚባለው ተራራ በማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በሠላሳ አራት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ይህን የሚያህል ጥያቄ አልቀረበልኝም።

2ኛ. ያንኑ ጥያቄ ለኡሙልኸይር አቅርበው መልስ ስላዘገየች በጥፊ ሁለት ጥርሷን አረገፉላት። እርሷም «ወላሂ ልጄ፣ ሆዴ ነው» ብላ ልብሷን ገልጣ እብጠቱን አሳየቻቸው። የሐኪሙ መርፌ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር ነበር፤ የጓዱ የጠመንጃ ሰደፍ ግን ያለ ድምፅ ሞገድና ያለ ቀጠሮ፣ ቀስቱ ባመለከተው ቦታ ላይ፣ አንዲት ጣት እንኳ ሳይስት ሦስት ጊዜ አረፈ። ምስል እያዩ፣ ሆድ ሳይቀድዱ ማከምን በዚህ ቆላ የጀመራችሁት እናንተ በመሆናችሁ ታሪክ ሊመዘግብላችሁ ይገባል።

3ኛ. መሬት ላይ ተዘርራ ደም ስታስታውክ ውኃ ይዞ የቀረበውን ሾፌር ካሳን ክንዱን ስለሰበራችሁት፣ የቀሩት ተሳፋሪዎች የመቀመጥን ሥርዓት ተምረዋል። አውቶቡሱ ግን ያለ ሾፌር ስለቀረ፣ በሽተኛዋን ወደ ሮቢት የመለስናት በአህያ ጋሪ ነው።

4ኛ. ፊልሙን ለማስመለስ አራት ጊዜ ደጅ ብጠና፣ ምስጢር ስለሆነ ወደ በላይ አካል ተልኳል ተባልሁ። የአንዲት ሴት ጉበት ከራሷ ተሰውሮ እንዲህ በጥንቃቄ ሲጠበቅ መስማት ያኮራል። ሐኪሙም ቀኑን ጠብቆ ሄደ።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የበላይ አካል ተራራውን አጥንቶ ሲጨርስ ፊልሙ ለልጇ ለራቢዓ ይመለስላት። ኡሙልኸይር በዕድሜዋ ሌላ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም።

በጥበቃዎ ሥር እየኖርሁ ጥርሶቼ እስከ ዛሬ ያልረገፉት በቸርነትዎ መሆኑን ሳልዘነጋ፣ ለሚመጣብኝም ሁሉ በር ዘግቼ እንደማልጠብቅዎ እያረጋገጥሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ጥሩወርቅ አራጌ
ጡረተኛ መምህርት

ግልባጭ፦ ለሮቢት መስጊድ በር፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ለጎብዬ ገበያ ዋርካ

ማስታወሻ፦ ተራራውን ፍለጋ ሠራዊት እንዳያደክሙ በማሰብ አድራሻውን ልጠቁምዎ። ከግንቦት 28 ቀን ጀምሮ በሮቢት እስላም መቃብር፣ ከግራሩ በስተምሥራቅ፣ ከአዲሱ የድንጋይ ክምር ሥር ይገኛል። ምሽግም ጠባቂም የለውም። ቀስቱን ተከትለው ቢመጡ ያለ አንድ ጥይት ይይዙታል።