የአባባ ምንጮች

ጉለሌ፣ ቁስቋም
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኢየሩ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? የድሬዳዋ ሙቀት ረገብ ብሎላችኋል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ የቁስቋምን ዳገት ሲያይ ማጉረምረም ጀምሯል። ቅዳሜ ለንግሡ ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። አክስታችን ሾዴ በሰማንያ አራት ዓመቷ ቀድማኝ ወጥታ፣ "ወንበር ላይ የኖረ ሰው ምን ጉልበት አለው!" ብላ ሰው አሳቀችብኝ።

ደብዳቤውን በእጄ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። እንዳልደውል ራሴን አውቀዋለሁ፤ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እቀይራለሁ። በየዓመት በዓሉ "ሰላም ናችሁ? ሰላም ነን" ተባብለን የምንዘጋው በእኔ ምክንያት ነው።

የአባባ መጽሐፍ ተገኝቷል። አዎ፣ አንቺ አጠፋሽው የተባለው።

ሉሊት፣ አንቺ ስትሄጂ ያልተወለደችው ልጄ፣ ባለፈው ወር ዕቃ ቤቱን ስታጸዳ የድሮ ፍሎፒ ዲስኮቼን የማስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አገኘች። አንዱ ላይ በአንቺ እጅ ጽሑፍ "የአባባ ምንጮች" ይላል። እሷም ሥራዋ ኮምፒውተር ነውና ከሰው የፍሎፒ ማንበቢያ ተውሳ መጣች። አሮጌ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራምም ላፕቶፗ ላይ ጫነች። በአዲሱ ስክሪን መሃል ያ የድሮው ስክሪን ከነቀለሙ ይከፈታል። የዊንዶውሱ ቨርዥኖች እያንዳንዳቸው በየፎልደራቸው ተቀምጠዋል፤ የፈለግሽውን መርጠሽ ታስነሺያለሽ።

መጀመሪያ እኔ በ1990 የጫንኩትን ቨርዥን አስነሳች። ፋይሉን ስትከፍተው ያው የምናውቀው ጉድ መጣ፤ አራት ማዕዘን፣ የፈረንጅ ፊደል፣ ጥያቄ ምልክት። "አየሽ፣ ተበላሽቷል" አልኳት። እሷ ግን ነገር አትለቅም፤ በዚህስ አንቺን ነው የምትመስለው። ዘግታ የቀደመውን ቨርዥን አስነሳች። የአማርኛ መጻፊያውን ከራሳችን ፍሎፒ ጫነችበት፤ የጎደሉትን ሁለት የፊደል ፋይሎችም ከሌላ ፍሎፒ አውጥታ ጨመረች። እንደገና ከፈተችው።

ኢየሩ፣ አንዲት ፊደል አልጎደለም። "አንደኛው ምንጭ ከቁስቋም ግንብ በላይ፣ በሁለት ጽዶች መካከል ነው። ክረምት ከበጋ አይደርቅም። አሁን ቤት ተሠርቶበታል፤ ባለቤቱ ወለሉ ለምን እንደሚረጥብ አያውቅም።" የአባባን ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቧንቧ እየቀበረ ጉለሌን በእግሩ ያዳረሰ ሰው፣ ዓይኑ ሲደክም የሚያውቃቸውን አሥራ ዘጠኝ ምንጮች አንድ በአንድ እየነገረሽ፣ አንቺም አዲሱ ገበያ በነበረው የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤቴ እየተየብሽ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እኔም ልጄ አጠገብ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለካ ፋይሉስ አልጠፋም ኖሯል! እኔ "አዲስ ወጣ" ብዬ የጫንኩት ቨርዥን የአማርኛውን ፊደል ስላልያዘ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ። ያን ጊዜ ወደ አሮጌው ብመልሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ፍሎፒዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ግን አንዴ አንቺን በአባባ ፊት ከስሻለሁ፤ ተከሳሽ ካለ ደግሞ ማን ሌላ ምክንያት ይፈልጋል?

ሉሊት ፋይሉ የተነካበትን ሰዓት አየችና፣ "አባዬ፣ 9:20 ይላል፣ ጠዋት። ሦስት ሰዓት ከሃያ ማለት ነው። አክስቴ ኢየሩ ጠዋት ትገባ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያን ዘመን ደንበኛ እንዳይደናገር ብዬ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ፋይሉ የተበላሸ ቀን ጠዋት ግን አዲሱ ዊንዶውስ ሲጫን ሰዓት ጠየቀኝ፤ ናይሮቢ የሚለውን የሰዓት ቀጠና መርጬ የፈረንጁን ሞላሁና ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የአባባ ፋይል ካሬ በካሬ ሆኗል፤ የተነካበት ሰዓት ደግሞ 9:20 ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ቤቱ ውስጥ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት ቀና ብዬ ባየው ኖሮ ይገባኝ ነበር። አላየሁም። የድሬዳዋው ሥራ እንደተገኘልሽ፣ አባባም "መጀመሪያ መጽሐፌን ጨርሺልኝ" እንዳለሽ አውቅ ስለነበር፣ "ቶሎ ለመሄድ ስትል ደመሰሰችው" አልኩ። እሱም ወደ ድምፅሽ ዞሮ "እውነት ነው ልጄ?" ሲልሽ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ ዛሬም ይታየኛል። "ወንድም ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልከፈትኩትም" አልሽ። ማን ሰማሽ? በሳምንቱ ሄድሽ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አንቺ አባባን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሄደሽ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። አማርኛው ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ያንቺን ፍሎፒ ከትቼ፣ ዝብርቅርቁን አይቼ፣ ፊደሉ ገና ስላልተስተካከለ ነው ብዬ ንቄው፣ ከሰዓት በኋላም ጨርሶ ረስቼው፤ ስዘጋው "ላስቀምጠው ወይ?" ሲለኝ "አዎ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ደብዳቤውን ስጀምር እዚህ ላይ ላበቃ ነበር ያሰብኩት። "ዘንድሮ ነው ያወቅኩት፣ ይቅር በይኝ" ብልሽ ታምኚኝ ነበር። ለሉሊትም ያልኳት ይህንኑ ነው። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ጽፌ ቀደድኩት።

ያወቅኩት አንቺ ከሄድሽ በሦስተኛው ወር ነው። ቡርቱካን የምትባል ሠልጣኝ ነበረችኝ። አንድ ጠዋት፣ "ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሰዓቱ የፈረንጅ ነው እንዴ?" አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ያን ቀን ማንንም ማስተማር አልቻልኩም፤ ራሴን አመመኝ ብዬ ዘጋሁ። ማታ አባባ ጋ ስገባ ልነግረው አፌን ከፍቼ፣ ስለ ዝናብ አወራሁ። በማግሥቱም እንደዚያው። በኋላማ ዝምታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነና ሁለቱን በአንዴ መናገር አቃተኝ። ልጆቼ ሁሉ "የአያታችንን መጽሐፍ ያጠፋችው አክስታችን" እያሉ ሲያድጉ፣ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ይህም አላለቀም። ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ ከአሥራ ሰባተኛው ምንጭ በታች፣ በኋላ ልታጠፊው አስበሽ ይሆናል፣ የአባባን ንግግር እንዳለ ጽፈሽዋል። "ዛሬ ይብቃን፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። የቀሩት ሁለቱ የነገ ናቸው።" ነገው አልመጣም። ነሐሴ 1991 አባባ አልጋ ላይ ዋለ። አጠገቡ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩና "የቀሩትን ለእኔ ንገረኝ፣ እኔ እጽፋለሁ" አልኩት። "ለኢየሩ የጀመርኩትን ለኢየሩ ነው የምጨርሰው። አጠፋችም አላጠፋችም ልጄ ናት። ጥራት" አለኝ።

የመሥሪያ ቤትሽ ስልክ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር። ብትመጪ፣ ቁጭ ብላችሁ ያንን ቀን ብታነሱት፣ የጠዋቱ ነገር መውጣቱ ነው። ሁለት ቀን ቆይቼ፣ "ጠራኋት፣ አልመጣም አለች" አልኩት።

አልጠራሁሽም፣ ኢየሩ። አንድ ጊዜም አልደወልኩልሽም።

 አባባ ግን እስከሞተበት ጥር ድረስ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ "እሷ ናት?" ይል ነበር። ለቀብሩ መጥተሽ፣ ከሁሉ ኋላ ቆመሽ፣ ለአክስታችን ሾዴ "አባባ እንዳኮረፈኝ ሞተ" ስትያት ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ቆሜ ሰማሁሽ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸኛው ነው።

አላኮረፈሽም። ሲጠብቅሽ ነው የሞተው።

ትናንት ለሉሊትና ለወንድሞቿ፣ ለአክስታችን ሾዴም እውነቱን ነገርኳቸው። ሉሊት እስካሁን አታናግረኝም፤ ደግ አደረገች። አክስታችን፣ "ለእኛ መናገሩ ምን ያደርጋል፣ የነገሩ ባለቤት ድሬዳዋ ናት" አለችኝ። ለዚህ ነው ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት።

አሥራ ሰባቱን ምንጮች አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ሽፋኑ ላይ የአባባ ስም፣ ከሥሩ "ጸሐፊ፦ ኢየሩ ዱጉማ" ይላል። የቀሩትን ሁለቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅሁ። ምናልባት በልጅነትሽ አብረሽው ስትሄጂ አሳይቶሽ እንደሆነ አላውቅም። የሁለቱን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ።

ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ብትቆጪም፣ ብትሰድቢኝም፣ ደብዳቤውን ብትቀድጂውም እውነትሽን ነው። እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርከው፤ ልጆችሽ እርስ በርሳቸው እንዳይከዳዱ የቁስቋሟ እመቤት ትጠብቅልሽ።

የአባባ ክፍል እንዳለች ናት፣ ቁልፉም በሩ ላይ ነው። "ጥራት" ብሎኝ ነበር። ይኸው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ጠራሁሽ።

ወንድምሽ
ሶሬሳ ዱጉማ