የወፍጮው ክዳን

አመዴ ወንድሜ፣

ካርዱ ላይ ያለችውን ፀሐይ አትመናት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ዘንቦ አላባራም።

ዛሬ እዚህ አገር ላቦራቶሪ ውስጥ የናሙና ወፍጮአቸውን አሠራር አሳዩኝ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ወፍጮው አይነሳም። ሠራተኛዋ የድንጋይ ናሙና ፈጭታ ስትጨርስ ያለ መፍቻ፣ በአንድ እጀታ ከፈተችው፤ መፍጫውን መዝዛ እንደ ሻይ ብርጭቆ ቧንቧ ሥር አለቀለቀችው። በቃ! እኛ ብሎን ስንፈታ ውለን፣ የቀረውን ዱቄት በአፋችን እፍ ስንል ኖርን። ቅንድብህ ላይ ያረፈውን ብናኝ እያየን «ዛሬ የፈጨው ኖራ ነው»፣ «የለም፣ ቀይ አፈር ነው» እያልን እንወራረድብህ ነበር። አመዴ ያልንህም ያኔ ነው። አንተም አብረኸን ትስቅ ነበር።

የሠራተኛዋ ቅንድብ ፈጭታም ከሰል እንደመሰለ ነው። ፈዝዤ ሳየው «ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ክዳኑን እንደገና ያሳዩኝ» አልኳት።

ሐኪሙ ስለ ሳንባህ ያለውን እህትህ ነግራኛለች። ለእኛም ወፍጮ እንዲህ ያለ ክዳን እየነደፍኩ ነው፤ የመጀመሪያውን የምትገጥመው አንተ ነህ።

ካርዱ ጠበበኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ፤ ልጆቹን እቀፍልኝ። እፍ የሚል ሰው ካየህ ተቆጣልኝ። አንተም በርታ፤ እባክህ ጠብቀኝ።