አዲሱ ፍራሽ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ዛሬ ጤናህን የምጠይቀው ለወጉ አይደለም። እኛ ደህና ነን፤ እማማም ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው።

እኔ ግን ከአለቃዬ ጋር ዓይንና ናጫ ሆኛለሁ። ሽማግሌዎች ለልብ አልትራሳውንድ ሲመጡ፣ ልባቸውን ከጨረስኩ በኋላ መሣሪያውን ወደ ሆዳቸው ዝቅ አድርጌ ትልቁን የደም ሥር አይላቸዋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «የታዘዘው ልብ ነው፤ ወረፋ አታስረዝሚ!» አለኝ። «ለአባቴም የታዘዘው ልብ ነበር» ስለው አቀርቅሮ ወጣ።

የአባባን ልብ ያየሁት እኔው ነኝ። «ልብህ የጎረምሳ ነው» ብዬ አሳቅሁት፤ ወደ ታች ግን አላየሁም። ወገቤን እያለ ሲያማርር አዲስ ፍራሽ ገዛንለት። ከላስቲኩ እንኳ ሳናወጣው፣ ሆዱ ውስጥ ያ ደም ሥር አብጦ ኖሮ ፈንድቶ ገደለው። ፍራሹ ዛሬም ከነላስቲኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

አንተም ወገብህን ስላመመህ ፍራሽ ልትቀይር መሆንህን ጽፈህልኛል። ፍራሹ ይቆይ። ነገ ዛሬ ሳትል ሆድህን በአልትራሳውንድ ታይ። ያንን ደም ሥር የሚጎዳውን ሲጋራስ ተውከው?

እማማ ሰላም ብላሃለች። ደብዳቤህን ሳነብላት የፍራሹን ነገር ዘልዬዋለሁ።

ታናሽ እህትህ