በኮራቢን የሚሰማ ጆሮ ጠፋ

ለእህቴ ለኖሊን፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? የሆባርት ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተመልሶ ይሆን? ባልሽ ግራንት ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አባባ የኦክስጅን ቱቦውን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ከበረንዳው ወንበር አይነሣም፤ ምላሱ ግን አልታመመም።

ካቻምና ለገና ስትደውዪ፣ ወንድ ተብዬ ባድግም ሴት ነኝ፣ ስሜም ኮራሊ ነው ብዬ ነገርኩሽ። አንቺም «እዚያው አንድ የሚያዋይህ ሰው ፈልግ» አልሽኝ። እሺ፣ ፈለግሁ። ያገኘሁትን ደግሞ ስሚ።

እዚህ ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሬይመንድ ይባላል። ድርቁ ሲበረታ፣ በጎቻቸው ላለቁባቸው ገበሬዎች ተብሎ የተላከ ነው። ቢሮው ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ደጁ ላይ መኪና ካቆምሽ ከተማው በሙሉ አበደች ይልሻል። ስለዚህ መኪናዬን ከእህል ጎተራው ጀርባ ደብቄ በእግሬ ሄድኩ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሲያዳምጠኝ ቆይቶ «አይዞህ ወንድሜ፣ ይህ የእናትህ ሐዘን ነው፤ ከከተማው ጎረምሶች ጋር ኳስ ብትጫወት ያልፍልሃል» አለኝ።

በዚሁ ቢያበቃ ስቄ እተወው ነበር። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ግን ሬይመንድ በረንዳችን ላይ ከአባባ ጋር ቢራ ይጠጣል። «ለአንተው ብዬ ነው፤ ቤተሰብ ሳያውቅ ማን ይረዳሃል?» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። አባባ ቱቦውን ከአፍንጫው ነቀለና «እንኳን እናትህ ይህን ሳታይ ሞተች» አለ። ከዚያ ወዲህ የማበስለውን ይበላል፤ በስም ግን አይጠራኝም።

ወሬው እኔ ከምሠራበት የበግ መሸለቻ መጋዘን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ስገባ ሸላቾቹ «የኔ ቆንጆ፣ ጥፍርሽ እንዳይሰበር ሱፉን እኛ እናንሣልሽ?» እያሉ ይንጫጫሉ። እታለም፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው «አንቺ» ያለኝ ለስድብ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የናፈቅሁትን ቃል አጨቅይተው ሰጡኝ።

ቀጥዬ ወደ ትልቁ ከተማ ሄድኩ። ጎህ ሲቀድ ተነሥተሽ፣ ካንጋሮ ዘሎ መኪናሽ ፊት ካልገባብሽ ለምሳ የምትደርሺበት መንገድ ነው። እዚያ ያለችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክፉ አይደለችም። «እንደ አንቺ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ እስቲ አስረጂኝ» አለችኝ። አስረዳኋት። በሌላው ቀጠሮም አስረዳኋት። ሐኪሜን ሳስተምር ከርሜ የራሴን ቁስል ሳልገልጠው ተመለስኩ።

በመጨረሻ ከብሪዝበን በቪዲዮ የምታናግር ኢመልዳ የምትባል ባለሙያ አገኘሁ። እንደኔ ያሉትን ስታክም የኖረች ናት። ተራዬ እስኪደርስ በጋው አልቆ ክረምት ገባ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ አባባ ግን አለ፤ ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከውሃ ታንከሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ መኪናዬን አቁሜ አናግራት ነበር። መጀመሪያ ቀን «ኮራሊ፣ እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ተይ አላለችኝም፤ እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ። ስለ አባባም ስለ አንቺም አውርተናል። ምን እንዳልን አልነግርሽም።

ባለፈው ወር ድርጅቷ ለገጠር ሰው የሚሰጠውን የቪዲዮ አገልግሎት አቆመ። ራሷ ናት የነገረችኝ። «እዚህ ብትኖሪ በአካል እቀበልሽ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ እሄዳለሁ። ብሪዝበን የሱፍ መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። የታመመ አባቷን ጥላ ሄደች እንደሚሉ፣ ይቅርታ፣ «ጥሎ ሄደ» እንደሚሉ አውቃለሁ። አንቺ ስትሄጂ «ኑሮዋን ልታደራጅ ነው» ነበር የተባለው። ነርሷ ትሪሽ እስከ ወሩ መጨረሻ እየመጣች ልታየው ቃል ገብታለች። ከዚያ በኋላ ወይ መጥተሽ ታስታምሚዋለሽ፣ ወይ ትወስጂዋለሽ። የምለምንሽ አይምሰልሽ፤ እያሳወቅሁሽ ነው።

ለአባባ ስነግረው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን መኪናው ላይ ስጭን ግን ከወንበሩ ሆኖ «ጎማውን አየኸው?» አለኝ። አይቻለሁ አልኩት። ሌላ ስንብት አልነበረንም።

ግራንትን ሰላም በይልኝ። የግራንትን እናትም እጃቸውን ሳሚልኝ፤ ባለፈው ለላኩልኝ ሹራብ አመሰግናለሁ፤ ልክ ሆኖኛል። ኤሎዊዝንና ፊንን «አክስታችሁ ኮራሊ ትስማችኋለች» በያቸው። እንደዚያ ብለሽ ማድረስ ካቃተሽ፣ ሰላምታዬን አታድርሺልኝ።

እህትሽ ኮራሊ

ኮራቢን፣ ምዕራብ ኩዊንስላንድ
ኦገስት 17 ቀን 2019