ፍራሹ ላይ የሚስቁት እማማ

ውድ ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ዝናብ ሲመጣ የሚነሳብህ ቁርጥማትስ ተወህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የአክስታችን ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ከዚህ በላይ ብልህ ውሸት ይሆናል።

«አክስታችን እየደከመች ነው፤ ድርጅታችሁ አረጋውያን ይጦር የለ? ለምነሽ አስገቢልኝ» ብለህ ልከህብኝ ነበር። መልሴ የዘገየው ነገርህን ችላ ብዬ አይደለም፤ እጄ ለመጻፍ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ወንድምዓለም፣ እባክህ አትላካት።

የምሠራበት ፍራሽ ፋብሪካ የመጦሪያው ንብረት ነው። ትርፉ ለአረጋውያኑ ይውላል እየተባለ ነው ሰው እየመረቀ የሚገዛን። እኔ ጠርዝ እሰፋለሁ፤ በየፍራሹ ጥግም የአንዲት አሮጊት ፎቶ የታተመበት ጨርቅ አለ፤ እሱንም እኔ ነኝ የምሰፋው። ጥርስ አልባ ሳቃቸው አንጀት ይበላል። ስማቸውን ስለማናውቅ «እማማ ፈገግታ» እንላቸዋለን። ደመወዝ ይጨመርልን ባልን ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ወደ ፎቷቸው እየጠቆመ «ከእሳቸው አፍ ነጥቃችሁ ልትበሉ ነው?» ይለናል። አንገታችንን ደፍተን ወደ ማሽናችን እንመለሳለን።

በግንቦት የመጦሪያው መጋረጃዎች ተቀዳደው ስፌት የሚችል ሲፈለግ እኔ ተላክሁ። የልፋታችንን ፍሬ ላየው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ገና በሩን ስከፍት የሽንት ሽታ ተቀበለኝ። እማማ ፈገግታ መስኮቱ ሥር ተኝተዋል። ፍራሻቸው መሃሉ አልቆ የአልጋው ሽቦ ጎናቸውን አቁስሎታል። አስታማሚዋን «ያን ሁሉ ፍራሽ እየሠራን?» ብላት በምሬት ሳቀች። «የኔ እህት፣ ከእናንተ ዘንድ ወደዚህ የመጣ ፍራሽ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

እማማ እጄን ዳበሱና «ፎቶ ልታነሺኝ ነው?» አሉኝ። መጋረጃ ልሰፋ መምጣቴን ስነግራቸው «ተመስገን! ፎቶ የሚያነሱኝ ዕለት አዲስ ፍራሽ ያነጥፉልኛል፤ ሲሄዱ ግን ይዘውት ይሄዳሉ» አሉ። ሳቁም። ፎቶው ላይ ያለው ሳቅ ራሱ ነው።

ስመለስ ለሾፌራችን ነገርኩት። አልገረመውም። እሱ እንደነገረኝ ስፖንጁን የምታቀርበው የመጦሪያው በጎ አድራጎት ድርጅት ሊቀመንበር ሚስት ናት፤ መጋዘኑን ያከራየን ወንድሙ ነው፤ የጭነት መኪኖቹ የሥራ አስኪያጁ አማች ንብረት ናቸው። ሁሉም የልቡን ያህል ያስከፍላል። ትርፍ የሚባለው መጦሪያው ደጅ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ሕግ አልጣሱም ይባላል። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይኸው ነው።

ደፍሬ ሥራ አስኪያጁን «አንድ እንኳ እንስጣቸው» ስለው «የሚሸጥ ዕቃ አይመጸወትም» አለኝ። እኔም በምሳ ሰዓት ከሚጣለው ቁርጥራጭ ስፖንጅ አንድ ፍራሽ ሰፋሁ፤ ሾፌሩ ጫነልኝ። በር ላይ ዘበኛው ያዘው። «ማን ሰፋው?» ሲሉት ሾፌሩ «እኔ» አለ፤ መርፌ ጨብጦ የማያውቅ ሰውዬ! አላስቻለኝም፣ ወጥቼ «የኔ ሥራ ነው» አልኩ። እሱን በሌብነት ስም አባረሩት። እኔን እጄ ፈጣን ስለሆነ ከደመወዜ ቆርጠው አስቀሩኝ።

እማማ ፈገግታ ሳምንቱን አልደፈኑም። አስታማሚዋ ናት የነገረችኝ። ቁስሉ ገደላቸው። ከቢሮ አንድ ሰው እንኳ ቀብራቸው ላይ አልቆመም። «እንግዲህ ፎቷቸውን እንተው» ስለው ሥራ አስኪያጁ «ገበያው የለመደው ፊት ነው» አለኝ። ስለዚህ ዛሬም እሰፋቸዋለሁ። ለምን ጥለሽ አትወጪም ትለኝ ይሆናል። ሌላ ሥራ እየጠየቅሁ ነው፤ ግን ኪራይ ጽድቅና ኩነኔ አይለይም።

ባለቤትህን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። ትልቁን ልጅህን ጎበዝ በልልኝ፣ ትንሿን ደግሞ ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን አናጢውንም ሰላም በልልኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ቦታ ሞልቷል ብላለች በላት። እዚህ ያየሁትን ግን አትንገራት። አረጋውያን የሚጦር ደግ ሰው ነው ብላ በየማታው ሥራ አስኪያጃችንን በጸሎቷ እንደምታስበው ጽፈህልኝ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ ጸሎቷን አላስቆማትም።

እህትህ
ከጓሮ ክፍሌ፣ ሰኔ መጨረሻ