በቀይ ቀለም የጻፍኩት ፖስታ

ሰኞ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ ሰበታ

አልመነኩስም። ቢያንስ እዚህ ላይ እውነቱ ይጻፍ። ጎረቤቴ በላይነሽ ዛሬ ክር ልትገዛ ሱቄ መጥታ፣ ክሩን ሳትመርጥ፣ "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቆቡን መቼ ነው የሚጭኑት?" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ መቃ ብዕርና ቀለም ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስመላለስ ሰው ያየኛል። ዕድሜዬ ስልሳ ሦስት ነው። ከዚህ ተነሥተው አመነኮሱኝ።

"የምሄደው ከመሪጌታ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ልማር ነው" አልኳት።

"ለምን?"

"በሠርግ ጥሪ ፖስታ ላይ የሰው ስም ልጽፍበት።"

"የማን ሠርግ?"

"የእኔ።"

ክሩን ሳትገዛ ሄደች። አሁን ሌላ ወሬ ይነሣል፤ ያኛው ግን እውነት ይሆናል። ባለወፍጮውን ኦቦ ቶሎሳን የካቲት ፭ ቀን፣ እሑድ፣ አገባለሁ። እሱ ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆነው፤ እኔ ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ስሞቹን በጽሕፈት መኪና ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። መጀመሪያ ስዳር አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ማን ይጠራ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የኔታም ማንበብን በአርጩሜ አስተማሩኝ እንጂ መጻፍን አላስተማሩኝም፤ መጻፍ የጸሐፊዎች ሥራ ነው ይሉ ነበር። በእርሳስ መጫጫሩን ራሴ ሱቅ ውስጥ ነው የለመድኩት። አሁን አርባ ሁለት ሰው እጠራለሁ፤ አርባ ሁለቱንም በእጄ፣ ፊደሉ ቆሞ፣ እንደ መጽሐፍ።

ዛሬ የመጀመሪያውን ጨረስኩ። የቶሎሳ ታላቅ እህት የወይዘሮ ጫልቱ ነው። የምትኖረው ሱሉልታ ነው። እናታቸው ስትሞት ቶሎሳን ያሳደገችው እሷ ናት። "ጫልቱ መጥታ ካልመረቀችኝ እኔ ሙሽራ አይደለሁም" ብሎኛል፤ ሲናገረው አልሳቀም። ስለዚህ ለእሷ የተለየ ነገር አሰብኩ። "ሠርግን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩት። ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ምላሱን ወደ ላንቃው አጥፎ የሚያወጣት ድምፅ አለች፤ በፊደላችን ልኳን አላገኘሁላትም። በ"ዳ" ጻፍኳት። ከስሟ በታች፣ "ስለ ጭዳ"።

መሪጌታ ስም በቀይ ነው የሚጻፈው ብለው አስተምረውኛል። ስሟንም ይህችንም ቃል በቀይ አደረግኋቸው። ቃሉ የማውቀው መሰለኝ፤ ግን ስጽፍ ፊደሉ ቆመ ወይስ ተጋደመ የሚለውን ነው የማየው፣ አላነብም። የቶሎሳ ዘመድ ኦቦ ገመዳ ወደ ሱሉልታ ሲመለስ አስይዤው ላክሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፮

ዛሬ የተበላሹ ፖስታዎች፦

ሁለት፣ ቀለም ተንጠባጥቦ።
አንድ፣ ሠርግን በእሳቱ "ሰ" ጽፌ። በንጉሡ "ሠ" ነው። የኔታ በሕይወት ቢኖሩ ጣቶቼን በአርጩሜ ይገርፉልኝ ነበር።
አንድ፣ "ከነባለቤትዎ" ብዬ፤ ሰውየው ግን ባለቤቱ ባለፈው ዓመት ሞታለች። ደርቆ ከተቀመጠ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

የደኅኑት ስድስት ናቸው።

መሪጌታ ከእኔ በሃያ ዓመት ያንሳሉ፤ ሲቆጡ ግን የእኔ አባት ይመስላሉ። "እሜቴ፣ ፊደሉ ይቁም እንጂ አይሩጥ። ማን ያባርርዎታል?" አሉኝ። የካቲት ፭ እያባረረኝ ነው አልልም።

ባለፈው ሳምንት ማተሚያ ቤቱም ግራ አጋብቶኝ ነበር። የመጀመሪያውን ናሙና "የልጆቻችንን ጋብቻ ስለምናከብር" ብሎ ነው የላከው። የማን ልጆች? ላስተካክል ስሄድ ሠራተኛው "ታዲያ ጠሪው ማን ይባል፣ እማማ? የሙሽራዋ አባት ስም ማን ነው?" አለኝ። ከሞተ አርባ ዓመት ሆነው አልኩት። እሱም ግራ ገባው። በመጨረሻ "ሙሽሮቹ" አልን። ሙሽሮቹ። ቃሉን ቤቴ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ አሁንም የእኔ አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፯

ከሱሉልታ መልስ መጣ። ድርቆሽ ጭኖ ያለፈ የጭነት መኪና ሾፌር ነው በቃል ያመጣው። ወይዘሮ ጫልቱ ያለችው ይህ ነው፤ እንዳልረሳ ወዲያው ጻፍኩት፦ "ደርሶኛል። እንደተባልኩት አድርጌአለሁ። እግዜር ይስጣት።"

ምን ተባለች? ምንስ አደረገች? የጠራኋት ለየካቲት ፭ ነው፤ ገና ሁለት ሳምንት ተኩል አለ። "እመጣለሁ" አላለችም። "አልመጣም"ም አላለችም። ሾፌሩን ፊቷ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩት። "ደኅና ነች፤ አንገቷን ትነካካ ነበር" አለኝ። ይህ ምን ይባላል?

ሊሆን የሚችለውን አሰብኩ። ካርዱ ላይ ሌላ ነገር ታትሞ ይሆን? እኔ ዘንድ የቀሩትን አወጣሁ፤ ትክክል ናቸው። አስቀድማ ስጦታ ልካ ይሆን? አልደረሰኝም። ወይስ ሰው ስለ እኔ ነግሯት፣ "ተዪው" ብሏት ተወችው? "እግዜር ይስጣት" ግን ለምን አለች?

በላይነሽ ዛሬ ክሩን ልትገዛ ተመለሰች። "ሽማግሌውን ማግባትዎ ካልቀረ ሚዜዎ እኔ ነኝ" አለች። መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅሁም። ክሩን በትክክል ሰጥቻት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ ጥር ፲፰

ቶሎሳ ጠዋት መጣ። ልብሱ ላይ ዱቄት አለ፤ ሳያራግፍ ተቀመጠ፤ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የእህቱን ቃል ነግሬው ነበርና ሌሊቱን ሲያስብበት አድሯል።

"'እንደተባልኩት አድርጌአለሁ' ማለት ጫልቱ ዘንድ ነገር አልቋል ማለት ነው" አለ። "ተቀይማለች። ራሴ ሄጄ መንገር ነበረብኝ፤ በወረቀት ጠራናት።"

"ወረቀቱ እኮ ለክብሯ ነው። ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ።"

"አውቃለሁ" አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ፣ "ከፋሲካ በኋላ ብናስበውስ?"

በስልሳ ሦስት ዓመት ምን ይተላለፋል? ይህን አላልኩትም። "እንደ ፈቀድክ" አልኩት፤ አፌ እንጂ እኔ አላልኩትም። ወጥቶ ሲሄድ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ዱቄቱ ቀረ። እስካሁን አላራገፍኩትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ስም ጀምሬ ሁለት ፊደል ላይ ቆምኩ። "ዛሬ ፊደሉ ቆሟል፤ እርስዎ ግን አልቆሙም። ወደ ቤትዎ ይሂዱ" አሉኝ። አሥራ ሦስት ፖስታ ተጽፏል። የሚላኩ ይሁኑ የሚቃጠሉ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር ፲፱

ኦቦ ገመዳ ጠዋት በሱቁ በር አንገቱን አስገባ። "አካም ቡልታን፣ እትዬ?" አለና ሳቁን መያዝ አቃተው። አስቀመጥኩት። የነገረኝን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ፖስታውን ሰኞ ማታ፣ ከወንድምሽ እጮኛ ነው ብሎ ብቻ፣ ለጫልቱ ሰጣት። እሷ ማንበብ አታውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ለመንደሩ ዲያቆን አሳየችው። ዲያቆኑ ከጎጃም ከመጣ ወር አልሆነው፤ ኦሮምኛ ገና አያውቅም። የመቃ ብዕር ጽሕፈት አየ፣ ቀይ ቀለም አየ፣ ስሟን አየ። ከዚያ በታች ያለውን ጮክ ብሎ አነበበላት፦ "ስለ ጭዳ።"

ገመዳ ይህን ሲል ቃሉን ከአፉ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ያነበብኩት። የእነሱ ሠርግ በእኛ ፊደል ሲጻፍ፣ በእኛ ቋንቋ ሲነበብ፣ በሰው ራስ ላይ ዞሮ የሚታረድ ዶሮ ነው።

"ታዲያ ምን አደረገች?" አልኩት፤ ቢገባኝም።

"አሳረደቻ። ጥቁሯን ዶሮ። በራሷ ላይ ሦስቴ አዙራ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ነበረች፣ እትዬ፤ እኔ እንኳ አዘንኩላት።"

"ፖስታውስ?"

"ዲያቆኑ ክታብ ነው መሰለኝ አላት። ክታብ ደግሞ አይከፈትም። በቆዳ አሰፋችው። አንገቷ ላይ ነው።"

"አንተ ምነው ዝም አልክ?"

"እኔ ቡራዩ ነበርኩ፣ ትናንት ነው የተመለስኩት። ደግሞ ምን ልበላት? ጉልበቷ ተሽሏታል። 'የወንድሜ እጮኛ ሳታየኝ ሕመሜን አወቀችልኝ' እያለች መንደሩን ትዞራለች። ዓመት ሙሉ ያልዞረችው ሴትዮ።"

ሳቅሁም አፈርኩም፤ የትኛው እንደ ቀደመ አላውቅም። ወዲያው መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ተቆጣሁ። "ስም በቀይ ያልኩት ለመጽሐፍ ነው" አሉ። "ለፖስታ መቼ አልኩ? ደግሞ ቀዩን ሲያደርጉ አላየሁዎትም።" እውነታቸውን ነው። ሰኞ ዕለት ቀዩን ያደረግኩት ቤቴ ነው።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቶሎሳ ሰው በተሰለፈበት ሞተሩን አጥፍቶ ሰማኝ። ሲያልቅ እጁን በፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። የተሰለፉት ሴቶች ምን ሆነ ይላሉ። "ጭዳ" አለ፣ በእኛ አጠራር፤ ከዚያ በእነሱ አጠራር ደገመው፤ ልዩነቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሰማሁ።

ሳቁ ሲያልፍለት ግን፣ "አሁንም አልተጠራችም እኮ" አለ።

አልተጠራችም። ጥሪው አንገቷ ላይ ተሰፍቶ ተቀምጧል። ቆዳውን አስፈትቼ ካርዱን ባስነብብላት ጉልበቷስ? የተሻላት ከእኔ ፖስታ ነው ብላ አምናለች። ክታብ አይደለም ብላት ውሸታም ነኝ ወይስ እውነተኛ? ክታብ ነው ብዬ ዝም ብልስ? እኔ ክታብ የምጽፍ ሴት አይደለሁም። ሰው ልጠራ ነው ቁም ጽሕፈት የተማርኩት።

ቶሎሳ አብሬሽ ልምጣ ወይ አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ የሚለውን አላነሣውም። እኔም አላነሣሁበትም።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ሱቁን ሳልከፍት፣ ቁልፉን ለበላይነሽ መስጠት። ሚዜ ከሆነች ትሥራ።
እንቁላል የምትጥል ዶሮ መግዛት። ጥቁር ከተገኘች ጥቁር።
በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በእንጦጦ በኩል ሱሉልታ።
ወረቀትም ብዕርም ይዤ አልሄድም።
ስለ ቆዳው ምን እንደምላት፦ አላውቅም። ካልጠየቀችኝ አልነካውም።
እስክደርስ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ምላሴን ወደ ላንቃዬ አጥፌ ያችን ቃል መለማመድ። ዛሬ ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርኩ፤ እስካሁን የሚወጣልኝ ዶሮዋ ናት።