ስሜን በሦስት ዓይነት የነገርሽኝ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ሲልሽ እሺ ብለሽ፣ ቤት ስትደርሺ እንደምትረሺው የማልሰማ እንዳይመስልሽ፤ ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ ሁሉን ትነግረኛለች። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ፊደሉን እንዲህ ያተለቅኩት እሷን ሳታስነብቢ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን እንድታነቢው ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ይመስላል ብለሽ እንዳትስቂብኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ስትመጣ ቁጭ አድርጌ የምነግርህ ነገር አለ፣ ሳልነግርህ እንዳልሞት እፈራለሁ ብለሽ ጽፈሻል። እሱን ካነበብኩ ወዲህ ልቤ አላረፈም። አንቺ እኔን ፈርተሽ እያደርሽ እኔ እንዴት ደህና ልሁን? ስለዚህ እስክመጣ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። መጀመሪያ ግን ሰሞኑን የገጠመኝን ላጫውትሽ፤ ነገሩ የሚያያዝ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ የተጠቀለለ መጋረጃ ታቅፋ፣ አውቶቡሴ ላይ ተሳፍራ ከጀርባዬ ተቀመጠች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ኮሌታዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። መጣ፣ መጣ ትለኛለች። እኔ ሞኙ ተቆጣጣሪ የመጣ መስሎኝ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ነገሩ ሲገባኝ መብራቴን አብርቼ፣ አምስት ፌርማታ ዘልዬ ወደ ጤና ጣቢያው በረርኩ። መውረጃዬን አሳለፍከኝ ብለው የተራገሙኝ አንድ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሲሰሙ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡ። ትኬት ቆራጯ ወንዶቹን ወደ ፊት አባረረች፤ ሴቶቹን በሻርፕ አስጋረደችና ልጅቷን ከኋላው ረጅም ወንበር ላይ አስተኛቻት።

የጤና ጣቢያው በር ላይ ቃሬዛ እስኪመጣ አልጠበቀም፣ ወንድ ልጅ ተወለደ። ግን አላለቀሰም። ሞተሩን አጥፍቼ መሪውን ሙጭጭ አድርጌ እንደያዝኩ ቀረሁ። አዋላጇ ሮጣ ገባች፤ ጀርባውን አሸችው፣ አገላበጠችው፣ አሁንም ዝም። በኋላ ድንገት አምባረቀው። አርባ ሰው በአንድ ላይ ተነፈሰ።

በማግስቱ ከትኬት ቆራጯ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ክፍሉ ውስጥ የስም ክርክር ተጧጡፏል። አጎትየው መንገድ ላይ ስለተወለደ መንገዴ ይባል ይላል። አባትየው አናጢ ነው፤ እሱ ደግሞ በአርባ ሰው ፊት የተወለደ ልጅ ሕዝቤ ካልተባለ ብሎ ድርቅ ብሏል። ትኬት ቆራጯ፣ በስም የሚቆም ነገር የለም ብላ የራሷን አወጋች። ሰባተኛ ሴት ሆና ስትወለድ አባቷ ይብቃኝ ብለው ሰየሟት፤ ከእሷ በኋላ ሦስት ሴቶች ተወለዱ። አራሷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ግን ክርክሩን እኔ ላይ ጣለችው። ስሙን ሹፌሩ ያውጣ አለች። እኔ ስም ማውጣት አላውቅበትም ብዬ ሸሸሁ። የአንተስ ማን ነው አለችኝ። ነገርኳት። አናጢው እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ማን አወጣልህ፣ ለምን አለኝ።

እማዬ፣ አንቺ እኮ የስሜን ታሪክ በሦስት ዓይነት ነው የነገርሽኝ። በስድስት ዓመቴ ስጠይቅሽ፣ አባትህ ሊሞት ሲል ይቆይልኝ በሉት ብሎ ነው አልሽ። በዘጠኝ ዓመቴ አንዲት አሮጊት ሕልም አይተው ሆነ። በአስራ ሁለት ዓመቴ ደግሞ ኩፍኝ ይዞኝ ተርፌ ነው ተባለ። በአንደኛው የተወለድኩት ዝናብ ሲያወርደው ነው፤ በሁለተኛው ሙቀቱ ሰው ይገድል ነበር። ውሸት እንደማታውቂበት ያወቅኩት ያኔ ነው። ስጠይቅሽ የታጠፈ ልብስ ዘርግተሽ መልሰሽ ታጥፊ ነበር።

አስራ አራት ዓመቴ ላይ ትምህርት ቤቱ የልደት ማስረጃ አምጣ አለኝ። አንቺ ቅዳሜ ራሴ ሄጄ አመጣለሁ ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጎበዝ ልባል ብዬ፣ ከልብስ ማጠቢያው ፈረቃሽ ሳትወጪ ዓርብ ዕለት ወደምትሠሪበት ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ያዡ ገጹን ገለጠ፤ በጣቱ ወርዶ የተወለድኩበት ቀን ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና መስመሩን በመዳፉ ሸፈነው። እኔ ግን አንብቤ ጨርሻለሁ። ስምሽ እናት በሚለው ቦታ አልነበረም። እዚያ ሰረዝ ብቻ ነበር። ስምሽ ያለው ከጎኑ፣ ተረካቢ ከሚለው ቃል ሥር ነው፤ ፊርማሽም አለበት።

ስወጣ የማጠቢያ ቤት ጓደኛሽን፣ ልብስ ተኳሿን፣ በሩ ላይ አገኘኋት። ፊቴን አይታ ሁሉ ነገር ገባትና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ተጥዬ ተገኝቼ አንቺ እንደተረከብሽኝ፣ ስለ ሻንጣውም የነገረችኝ እሷ ናት። ልብሴን አጥበሽ፣ ተኩሰሽ፣ አጣጥፈሽ በሻንጣ በር ሥር ታስቀምጪው ነበር አሉ። ሳድግ ትንሹን ታወጪና በልኬ ትተኪበታለሽ። ወላጆቹ ነን የሚሉ መጥተው ልጁን ስጪን ቢሉሽ ባዶ እጁን እንዳይሄድ ነው። ባለፍሽ ባገደምሽ ቁጥር ሻንጣውን እያየሽ ይቆይልኝ፣ ይቆይልኝ ትያለሽ። የክትባት ካርድ የሚሞላው ሰው ስሜን ሲጠይቅሽም ከአፍሽ ሌላ ቃል አልወጣም። ሻንጣውን የፈታሽው ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ያን ቀን ማታ መሄዴን ስነግርሽ፣ ወረቀቱን ሰጡህ ወይ አልሽኝ። አዎ፣ ራበኝ አልኩሽ። ረጅም ጊዜ አየሽኝ፤ እኔም ሁለት ሰሃን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስሜ ጠይቄሽ አላውቅም። ክፉ ነገር አስቤ አላውቅም ብልሽ ግን ዋሸሁ። አስራ ሰባት ዓመቴ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አኩርፌሽ ነበር፤ አንቺ ጫማ አምሮኝ መስሎሽ ጫማ ገዝተሽ መጣሽ። አንድ ቁጥር ይጠበኝ ነበር። አልነገርኩሽም፣ እስኪቀደድ አደረግኩት። ኩርፊያውም በዚያው አለቀ።

ይኸን ሁሉ ለአራሷ ነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ትኬት ቆራጯ አለቀሰች፤ አሁን ጉንፋን ይዞኝ ነው ትላለች። እንደጨረስኩ የአናጢው እናት ሾርባ ይዘው ገቡ። ከፊት ያለውን ስላልሰሙ ወንበር ሳቡና እንዲያው ለጨዋታ፣ እናትህ አንተን ሲወልዱ ምጡ ጸንቶባቸው ነበር ወይ አሉኝ። ሦስት ዓመት ፈጀ አልኳቸው። እሳቸውም አማተቡ። አራሷ ልጇን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ያንን ስም ለልጄ ስጠው አለችኝ።

የእኔ አይደለም፣ ያወጣችልኝን እናቴን ልጠይቅ አልኳት። ቅጹ ላይ የስሙን ቦታ ባዶ ትተው እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁሻል። እሺ ወይም አይሆንም ብለሽ ብቻ ጻፊልኝ።

ሌላውን ነገር፣ ልትነግሪኝ የፈራሽውን፣ መናገር ካማረሽ ስመጣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ እሰማሻለሁ። ካላማረሽ ይቅር። ጥፋት ያለብሽ እንዳይመስልሽ፤ እኔ በሕይወቴ ከማንም ያንቺን ያህል ደግነት አላየሁም። ለዚያ ለሻንጣው፣ ለጠበበው ጫማ፣ ለሦስቱም ውሸትሽ አመሰግንሻለሁ። ሳላመሰግንሽ ሃያ ሁለት ዓመት መቆየቴ ነው የሚቆጨኝ።

ለጎረቤትሽና ለተኳሿ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ያብራልኝ፣ በሰላም ያገናኘን።

የወለድሽው ልጅሽ